የሠላሳ ሰባተኛው ቤት ንባብ

መሥሪያ ቤቱም ሰፈሩም የሚያውቀው «ካርታው» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣችለት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት። አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ የንባብ ደብተሩ ውሃ ጠጥቶ ተበላሸ። ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣ ከዳቦ ቤቱ ጀምሮ እስከ ውሃ ማማው ድረስ፣ በየተራው አስጻፋት፤ የበሩን ቀለም፣ የውሻውን ጠባይ፣ ቆጣሪው የተሰቀለበትን ግድግዳ እንኳ አልዘለለም። ሴትዮዋ እጇ ሲዝል እስክሪብቶዋን ጣለችና «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ነህ ወይስ ካርታ?» አለችው። ከዚያ ወዲያ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራው ጠፋ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የመብራት ቆጣሪ አንብቧል። ሥራው ከውጭ ሲያዩት የሞኝ ሥራ ይመስላል። በር ታንኳኳለህ፣ ውሻ ይጮህብሃል፣ አንገትህን ታሰግጋለህ፣ ቁጥር ትጽፋለህ፣ ትሄዳለህ። ሰው ከሌለ ደግሞ ከቤቱ ተራ ቁጥር ጎን «ዝግ» ብለህ ትጽፍና በሚቀጥለው ወር ትመለሳለህ። ሌሎቹ አንባቢዎች ፀሐይ ሲከርርባቸው ግማሹን መንገድ «ዝግ» እያሉ ሞልተው ቡና ቤት ይቀመጡ ነበር። ካርታው ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ቃሏን አሥር ጊዜ እንኳ አልጻፋትም። በር እስኪከፈትለት ድረስ ይቆማል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

ታዲያ የአንድን ቤት ቁጥር በየወሩ ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለዚያ ቤት የማያውቀው የለም። ንባቡ በድንገት ሲያሻቅብ ወይ እንግዳ መጥቷል ወይ ሕፃን ተወልዷል። በግማሽ ሲወርድ አንድ ሰው ሄዷል፤ በሞት ይሁን በኩርፊያ ደግሞ የቀረውን ሰው ፊት አይቶ ይለየዋል። ራዲዮ ዘግተው የማያውቁት የጡረተኛው መምህር ቆጣሪ አንድ ጠዋት ቀጥ ብሎ ቆሞ ቢያገኘው፣ ጎረቤት ጠርቶ በር አሰብሮ ሽማግሌውን ከወደቁበት አንስቷቸዋል። ይህን ሁሉ ያወቀ አፍ ግን አንድ ቃል ሾልኮት አያውቅም። ሚስቱ እንኳ «እነ እንትና ተፋቱ የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ስታዋክበው «መብራታቸው ይበራል» ብሎ ይዘጋታል። በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነበር፤ ሌላ የሚኮራበትም ብዙ አልነበረውም።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ተተኪ ሰጡት። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ታላቅ ሲመጣ ከወንበሩ ብድግ የሚል ሰው ነበር። ካርታው ወደደው። ያለውን ሁሉ ሰጠው። በእግር እየሄዱ «ሃያ ሁለት?» ይለዋል፤ ሰውየውም «አረንጓዴ ብረት በር፣ ቆጣሪው ከቧንቧው በላይ» ይላል። «አርባ አንድ?» «ተናካሽ ውሻ፣ በጓሮ ዞሮ መግባት።» በስድስት ወር ውስጥ መስመሩን እንደ መዳፉ ዐወቀው። በሰባተኛው ወር ካርታው ቤቱ ምሳ ጋበዘው። በዓመቱ ልጁን ዳረለት። «ሥራዬንም ልጄንም ለደህና ሰው አስረከብሁ» ብሎ በሠርጉ ላይ በሰው ፊት ተናገረ። ያን ቃል ዛሬ ከምላሱ ላይ ፍቆ ቢጥለው ደስ ይለው ነበር።

ልጁ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነገር በቅጡ ካልተረዳች እንቅልፍ አይወስዳትም። ከተዳረች በሁለተኛው ዓመት ክንዷ ተሰብሮ መጣች። «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» አለች። የምትኖረው ደረጃ በሌለው ቤት ነው። ከዚያ በኋላ መንጋጋዋ አበጠ። ሁለቱንም ጊዜ ዘመድ ተሰበሰበ፤ ባልየው እግር ላይ ወደቀ፣ አለቀሰ፣ ሁሉም «ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አለና አስታረቃቸው። ካርታውም ከአስታራቂዎቹ አንዱ ነበር። ይህንንም እዚህ ላይ ሳልናገር ባልፈው ደግ አላደርግም።

ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚስቱን ሰለቻት። የድስቱን መክደኛ እየከፈተ «ይሄ ብዙ ፈላ» ይላል። እንግዲያው የዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ፈልጋው ስትመጣ፣ ከሱ ይልቅ ሚስቱ ነበረች «ይሄድልሻል» ብላ የመለሰችላት።

ተመራማሪዋ ለዶክትሬቷ የምትሠራው ስለ አዲሱ ዲጂታል ቆጣሪ ነበር። አሮጌው በወር አንድ ጊዜ ሰው ነው የሚያነበው፤ አዲሱ ግን በየሩብ ሰዓቱ ራሱ እየጻፈ ይልካል። ታዲያ ይህን መረጃ የያዘ ሰው ስለ አንድ ቤተሰብ ምን ያህል ማወቅ ይችላል? ጥያቄዋ ይህ ነበር።

«አባባ፣ እኔ የሰው ሚስጥር አልፈልግም» አለችው። «ሚስጥሩ ምን ያህል ገሃድ እንደሚወጣ አሳይቼ ሕግ እንዲወጣለት ነው የምፈልገው።»

«እኔን ብትጠይቂኝ እኮ በአንድ ከሰዓት በኋላ እጨርስልሽ ነበር፣ ዶክተር።»

«ዶክተር ገና ነኝ። ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የእርስዎ ጭንቅላት በጥናት ላይ አይጠቀስም።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዋደዱ።

ስድሳ ቤት ያስፈልጋት ነበር። ለማያውቁት ሰው በር የሚከፍት በሌለበት ሰፈር፣ ካርታው ከቀድሞው መስመሩ የመጀመሪያዎቹን ስድሳ ቤቶች ሳይዘል ሳያጓድል በዘጠኝ ቀን አስፈረመ። «ስማችን ይወጣል እንዴ?» ሲሉት «ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር ናችሁ፤ ቁጥር ደግሞ አይታማም» ይላቸዋል። የፈረሙት ለዩኒቨርሲቲው አልነበረም፤ ለሱ ነበር።

ተመራማሪዋ ከአንድ እስከ ስድሳ የተጻፈባቸው ተለጣፊ ወረቀቶች በከረጢት ሰጠችው። «በየቤቱ ሲደርሱ እጅዎን ከተው አንድ ያውጡ፤ የወጣውን አዲሱ ቆጣሪ ላይ ይለጥፉ። ዕጣ መሆን አለበት። ሲጨርሱ ደግሞ እዚህ ቅጹ ላይ «ቁጥሩ በዕጣ ተሰጥቷል» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ያድርጉ» አለችው። ለምን እንደሆነም ነግራው ነበር፤ እሱ ግን የዚያን ጊዜ መሰላል ስለመበደር እያሰበ ነበር።

የመጀመሪያው ቤት ዳቦ ቤቱ ነው። እጁን ሲከት ሃምሳ ሁለት ወጣ። ሁለተኛው ቤት ስምንት። ሦስተኛው ሃያ ዘጠኝ። ካርታው መንገድ ዳር ቆሞ ራሱን ያዘ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዳቦ ቤቱ አንድ ነበር፤ በምን ምክንያት ነው ዛሬ ተነሥቶ ሃምሳ ሁለት የሚሆነው? ይህ ለሱ ሸሚዝን ገልብጦ እንደ መልበስ ነው። ነገ አንድ ቆጣሪ ቢበላሽ በየት በኩል ፈልጎ ያገኘዋል? ቤቱ ተመለሰ፣ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈ፣ ከአንድ እስከ ስድሳ ደረደረው። በማግስቱ ወጥቶ እንደ ድሮው ለጠፈ፤ አንድን ዳቦ ቤቱ ላይ፣ ስድሳን ፀጉር አስተካካዩ ላይ። ቅጹንም አወጣና ሣጥኑ ውስጥ ምልክት አደረገ። ቅር አላለውም። ያች ልጅ ስለ መንገድ ምን ታውቃለች ብሎ፣ እንዲያውም ውለታ የዋለላት መሰለው።

በጥናቱ አራተኛ ወር ላይ ልጁ ሚስቱ በሌለችበት ሰዓት በጓሮ በር ገባች። ያኔ ፊቷን ማየት አቃተው።

«አባዬ» አለችው፣ «ሦስተኛ ካስታረቃችሁኝ አራተኛ የለም።»

ኮቱን አውልቆ በትከሻዋ ላይ ጣለና ይዟት ወጣ። ወዴት እንደሚወስዳት ያወቀው በእግሩ ነው። ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ አንደበቷ የተባረከ ሴት ናት። ቤቷ በመስመሩ ሠላሳ ሰባተኛው ነው። ፈቃድ በሌላቸው ሁለት የስፌት ማሽኖችና በትልቅ ካውያ በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ እንደምትሠራ ካርታው ዐሥራ አምስት ዓመት ዐውቆ ዐሥራ አምስት ዓመት ዝም ብሏል። በሩን ስትከፍት ልጁን አየች፣ እሱን አየች፣ «ግቡ» አለች፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ለሰው ሁሉ፣ ለሚስቱም ጭምር፣ «ወደ ሩቅ አገር ሄደች፣ አድራሻ አልተወችም» አለ። ሚስቱ እናት ናትና ሆዷ ባባ፤ እሱ ግን ቃሉን አላጠፈም። ባልየው ሁለት ጊዜ መጣ። እጁን አጣምሮ ቆሞ «አባባ፣ ከሰሙ ይንገሩኝ፤ እኔ ጥፋቴን ዐውቄያለሁ» አለው። ካርታው «አልሰማሁም» አለ። በሕይወቱ ከተናገረው ውሸት ሁሉ ያማረው ይኸኛው ነበር።

ልጅቱ በአንድ ሩቅ ከተማ ላለ ትምህርት ቤት ማመልከቻ አስገብታ መልስ ትጠብቃለች። ትምህርት ሲጀመር የሥራ ደብዳቤው ይደርሳል፤ እስከዚያ ከግቢ መውጣት የለም፣ ስልክ የለም። አምስት ወር ነው። ካርታው የሚያያት በወር አንድ ቀን፣ ለተመራማሪዋ የቆጣሪውን ደህንነት ሊያይ በገባበት፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ቆጣሪው ቤቱ ላይ መሰቀሉ አንድ ሁለት ጊዜ ሽው ብሎበታል። ተመራማሪዋን «ይህን ቤት አውጪልኝ» ማለት ይችል ነበር። ግን ምክንያቱን ትጠይቀዋለች፤ ደግሞ በሠላሳ ስድስትና በሠላሳ ስምንት መካከል ጉድጓድ ሊኖር ነው። ስም የለበት፣ ቁጥር ነው፣ አለና ተወው።

በጥናቱ ዘጠነኛ ወር፣ በመጨረሻ ጉብኝቱ ላይ ልጁ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ለሰፊዋ የቀሚስ ልኬት ታሰላላታለች። ደህና መስላለች። ስቃለች እንኳ። ደብዳቤው ሊመጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«እስቲ አንቺ አስተማሪዋ» አላት፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ሰዎቹ ቁጥር በዕጣ ካልሆነ የሚሉት ለምንድን ነው? በተራ ቢሆን ምን ነበረበት?»

«በተራ ከሆነማ ተራውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስሙን ዐወቀ ማለት ነዋ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ስም ደብቀህ ተራውን ከተውከው፣ በሩን ዘግተህ ቁልፉን ከውጭ እንደ መተው ነው። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲያው ነው።»

ተለጣፊዎቹን በተራ የደረደረበት ጠረጴዛ ትዝ አለው። እዚያው ሊነግራት አፉን ከፈተ። ግን ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀች ልጅ ናት፤ ያን ሳቅ ማጥፋት አቃተው። ሰኞ ለተመራማሪዋ እነግራታለሁ አለ። ሰኞ ሲሄድ ቢሯ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እሷም ከሩቅ አይታው «አባባ! ሐሙስ እንዳይቀሩ! የመጀመሪያውን ውጤት የማቀርበው እናንተ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ዋሽቼሻለሁ፣ ሣጥኑ ላይ ያደረግሁት ምልክት ሐሰት ነው» የሚል ሽማግሌ ማን ነው? ከሐሙስ በኋላ አለ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሹማምንቱ ከፊት፣ ቆጣሪ አንባቢዎቹ ከኋላ። ካርታው የጡረታውን ኮት ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ባልየው ከኋላ አለ፤ ሲገባ ብድግ ብሎ እጅ ነሥቶታል።

ተመራማሪዋ መጀመሪያ የስድሳውን ቤቶች ፍጆታ በአንድ ሥዕል ግድግዳው ላይ አሳየች፤ ከአንድ እስከ ስድሳ የቆሙ ዓምዶች። አንደኛው ከሁሉ በልጦ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ዳቦ ቤቱ ነው። ዐሥራ አራተኛውም ረጅም ነው፤ ግቢው ውስጥ ብየዳ የሚሠራው ሰውዬ። ከኋላ አንድ አንባቢ ሳቀና «ይሄማ የካርታው መስመር ነው እኮ! ያው ዳቦ ቤቱ፣ ያው ብየዳው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ አንዳንዱም አጨበጨበለት። ካርታው እግዜር ይቅር ይበለውና ለአንድ አፍታ ደስ አለው። በሚቀጥለው አፍታ ላብ አጠመቀው።

ተመራማሪዋ ፈገግታዋ እንደ መጥፋት አለ፤ ጣቷ ግን ቀድማ አዝራሩን ተጭናዋለች። ቀጣዩ ሥዕል መጣ። «ቤት ቁጥር 37» ይላል።

«ይህ... ይህ ለምሳሌ ያህል ነው» አለች። «ሲመዘገብ አንድ ነዋሪ ነበረው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ባለቤቲቱ ስትወጣ መስመሩ ተኝቶ ይውላል። ከዚህ ቀን ጀምሮ ግን እሷ በሌለችበት ሰዓት የውሃ ማንቆርቆሪያ ይበራል። ሁለተኛ ሰው ገብቷል ማለት ነው። ከቤት አይወጣም፤ ምናልባት ታማሚ ነው፣ ምናልባትም የተደበቀ ሰው። አያችሁ፣ የገባበትን ቀን እንኳ መናገር እንችላለን። እንግዲህ ይህ መረጃ በክፉ ሰው እጅ ቢገባ...»

ቀኑ ከሥዕሉ በታች ተጽፏል። ካርታው አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። ከኋላው ረድፍ አርባ ሰው ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል፤ ከአርባው የአንዱ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ባልየው መንገዱን በልቡ እየሄደው ነው። ሠላሳ አራት፣ ጥቁር በር። ሠላሳ አምስት፣ የተሰበረ የበር ደወል። ሠላሳ ስድስት፣ ሁለት ሎሚ ዛፍ። ከንፈሩ ቆመ። ከዚያም ቀስ ብሎ ተነሣ፣ የጎረቤቱን ጉልበት ይቅርታ ጠይቆ አልፎ ወጣ።

ካርታው በወንበር ላይ ተደናቅፎ ተከተለው። ውጭ ሲደርስ የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት ጥጉን ታጥፋለች። ሰፊዋ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ። ማሽኖቿ ሲንጎዳጎዱ እንኳን ስልክ ነጎድጓድም አይሰማት። ታክሲ ለመነ፣ ወረደ፣ ሮጠ። በስድሳ ስድስት ዓመቱ ሮጠ። ሰፈሩ በየበሩ ቆሞ «ካርታው፣ ምን ሆነህ ነው?» አለው።

ሞተሯ ከአጥሩ ተደግፋለች። ግቢው ውስጥ ጩኸት የለም። ባልየው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ሰፊዋ በበሩ መካከል በመቀስ ቆማለች፤ ልጁ ከኋላዋ።

«እኔ ሰው ልጎዳ አልመጣሁም» ይላል ባልየው በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ግን ሥራዬን እሠራለሁ። በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ሁለት የንግድ ማሽን፣ ትልቅ ካውያ። ደንቡ ደግሞ ይታወቃል፤ መስመሩ ይቆረጣል፣ ማሽኑ ይወረሳል፣ ክስ አለው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቆራጮቹን ይዤ መምጣት እችላለሁ። ወይም ደግሞ ሚስቴን ይዤ ቤቴ እገባለሁ፤ ይህን ግቢ አላየሁትም።»

«ቁረጠው!» አለች ሰፊዋ። «በእጄ እሰፋለሁ! ውጣልኝ ከቤቴ!» ግን ዓይኗ ወደ ማሽኖቹ ሄደ። በእነዚያ ማሽኖች ገጠር ያሉትን የሟች እህቷን ሦስት ልጆች ታኖራለች፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

«አንተ ውሻ!» አለ ካርታው። ሌላ ቃል አልመጣለትም። ሊይዘው ተጠጋ፤ ባልየው ግን ክንዱን በአክብሮት ደግፎ ግንቡ ላይ አስቀመጠው። «ይቀመጡ አባባ፣ ደክሞዎታል።»

ልጁ ከሰፊዋ ኋላ ወጣች። ባሏን አላየችውም። በቀጥታ ወደ አባቷ መጣችና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ ዕጣውን አላወጣህም ነበር አይደል?»

የምትጠይቀው እንዳልገባው አላስመሰለም። በዚያች ሰዓት መዋሸት እንዴት እንደሚቻል ጠፋው።

«አላወጣሁም።»

ራሷን ነቀነቀች። ተማሪ ስሌቱን የት ጋ እንደ ሳተ ያገኘች አስተማሪ የምትነቀንቀው ዓይነት ነበር። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «ገባኝ» አለችና ቦርሳዋን ልታመጣ ገባች። ሰፊዋ «ልጄ ተይ፣ ተይ» እያለች ተከተለቻት፤ ካርታው ግንቡ ላይ ቁጭ እንዳለ፣ ልጁ በሞተሯ ኋላ ተቀምጣ ስትሄድ አየ። ባሏን አልያዘችውም፤ የወንበሩን ብረት ነበር የያዘችው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አመለከተ። «ሚስት ከባሏ ጋር በፈቃዷ ገባች፤ ምን ይጻፍ?» አሉት። ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ፤ እሷ በእጇ «ሥራውን አልፈልግም» ብላ መለሰች፤ የእጅ ጽሑፉ የሷ ነበር። ሚስቱ አምስት ወር ሙሉ ልጇ በሦስት ፌርማታ ርቀት እንደነበረች የሰማችው ከጎረቤት ነው። አልጮኸችም። ምሳውን ታቀርብለታለች፣ ከሱ ጋር ግን አትበላም፤ ይኸው ሁለተኛ ዓመታቸው ሆነ።

ተመራማሪዋ ቤቱ መጥታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሥዕሎቹን ሁሉ አጠፋች፣ ውጤቱን አስመለሰች፤ ያየ ዓይን ግን አይመለስም። ከወራት በኋላ ደግሞ በብዙ እፍረት መጣች። የሆነውን ያለ ስም በጥናቷ ውስጥ ልትጽፈው ፈቃዱን ፈለገች፤ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ። «ጻፊው» አላት። ዛሬ እውነተኛ ዶክተር ናት። መጽሐፉን አምጥታለታለች፤ በአንድ ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «አንድ የመስክ ሠራተኛ የቤቶቹን ቁጥር በመንገድ ቅደም ተከተል በመስጠቱ» ይላል። በዚያ ሁሉ ጥናት ውስጥ ማንነቱ በደንብ የተደበቀ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ልጁን ማየት አይፈቀድለትም። ክልከላውን የነገረው የለም፤ ሲያንኳኳ ብቻ አይከፈትም። ቆጣሪያቸው ግን በመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነበር፤ አዲሱ ዓይነት፣ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት። ካርታው በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከፊቱ መቆም ጀመረ። መብራቱ በዝግታ ብልጭ ሲል ፍሪጁ ብቻ ነው። ሲፈጥን ማንቆርቆሪያ ጥዳለች፤ ተነሥታለች ማለት ነው። ሲንቀለቀል የባሏን ሸሚዝ ትተኩሳለች። እጇ ይሠራል፣ ቆማለች፣ በሕይወት አለች። አንድ ሰሞን አራት ቀን ሙሉ የፍሪጁ ብልጭታ ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን ማንቆርቆሪያው ሲበራ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህን ሁሉ በኪስ ደብተሩ ይጽፈዋል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ንባብ።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና ባልየው ወጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል። በሩን ከውጭ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ኮፍያውን አነሣለት።

«ደህና አደሩ አባባ? ንባቡ ስንት ደረሰ?»

ካርታው ሊተፋበት አስቦ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ለዚህ ጥያቄ የመለሰ አፍ ግን አእምሮውን ቀደመው፤ ቁጥሩን አንድ አሃዝ ሳያጓድል ነገረው። ባልየው በአክብሮት አመሰገነ።

«እንግዲህ ፀሐይ ላይ እንዳይጉላሉ ብዬ» አለ ሞተሯን እያስነሣ፣ «ቆጣሪውን ዛሬ ወደ ውስጥ አዛውረዋለሁ።»

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ካርታው ሲደርስ ግድግዳው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳና በርጥብ ሲሚንቶ የተደፈነ የሽቦ መግቢያ ነበር። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ምንም አይሰማም። በሩን አንኳኳ። እንደ ልማዱ እስኪከፈትለት ድረስ ቆመ። ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ወጣች፣ ጥላው ወደ እግሩ ገባ፣ አላፊ አግዳሚው ሰላም እያለው አለፈ። እኩለ ቀን ሲሆን ደብተሩን ከኪሱ አወጣ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ ከጎኑም «ዝግ» ብሎ ጻፈ።